የሽማግሎች የሥራ ቤት ታሪክ፤ ከሰንበቴ ቤት ጋር ተነጻጽሮ

በመጋቢት ወር 1834 ዓ.ም. ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የሚባል የጀርመን አገር ሚስዮናዊ ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ ጎንደር ሲጓዝ በሰላ ድንጋይ ዐረፈ። በዚያን ዘመን ሰላ ድንጋይ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ እናት የወይዘሮ ዘነበ ወርቅ መቀመጫ ነበረች፤ እኒህም እመቤት በልጃቸው መንግሥት ውስጥ ለራሳቸው የተሰጠ አገር ይገዙ ነበር። ክራፕፍ በኋላ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ እንደ ተረከው፥ ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ እንግዳውን ባነጋገሩት ጊዜ የአውሮፓ ሰዎች ያን ሁሉ የሚያስደንቅ ነገር ፈልስፈው ለመሥራት እንዴት እንደ ቻሉ ጠየቁት። ልጃቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም የእጅ ሥራን የሚወዱ ሰው ስለ ነበሩ፥ ከውጭ አገር ለሚመጡት እንግዶች ጠመንጃና ልዩ ልዩ ዕቃ ብቻ ሳይሆን የእጅ ጥበብ የሚያውቁ ሰዎችም እንዲመጡላቸው ፈቃዳቸውን ይገልጹ ነበር።

የወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ጥያቄ አጭር ነው፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ ድረስ ጊዜ አላለፈበትም። የእጅ ጥበብ ከማን ወደ ማን ይተላለፋል? የሚያውቀው ሰው ሸምግሎ ከሥራው በተለየ ጊዜ ዕውቀቱ ወዴት ይሄዳል? ሰውየውስ ራሱ ወዴት ይሄዳል? ለዚህ ጥያቄ ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ አንድ መልስ ተገኝቶ በብዙ አገር ተዘርግቷል። ይኸውም ፈቃደኞች የሆኑ ሰዎች ባዶውን የቆመ አሮጌ ቤት አድሰው፥ መሣሪያ አሰባስበው፥ የሥራ ዘመናቸውን የጨረሱ ወንዶች በአንድነት እጃቸውን የሚያሠሩበትን ቤት ማቆማቸው ነው። በእንግሊዝኛ ቋንቋ ይህ ቤት የወንዶች ሼድ ይባላል፤ ሼድ ማለት በጓሮ የምትሠራ የዕቃ ማኖሪያና የዕቃ መጠገኛ ጎጆ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ነገሩ ለአንባቢ ግልጥ እንዲሆን የሥራ ቤት ተብሎ ይጠራል።

የዚህ የሥራ ቤት መነሻ አገሩ አውስትራልያ ነው። በዚያ አገር የቤት ጌታ የሆነ ሰው በጓሮው አንዲት የእንጨት ወይም የቆርቆሮ ጎጆ ማቆም የቆየ ልማዱ ነው፤ በእርስዋም ውስጥ መጋዙን፥ መዶሻውንና ምስማሩን ያኖራል፤ የተሰበረ ወንበር ይጠግናል፤ ለልጁ መጫወቻ ይሠራል። ነገር ግን ሰው ሲያረጅ ሰፊውን ቤት ሸጦ ወደ ጠባብ ቤት ይገባል፤ አንዳንዱም ሚስቱ ትሞትበታለች፤ ልጆቹም ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ፤ ጎጆውም ከነመሣሪያው በዚያው ይቀራል። ይህ ሰው ዐርባ ዓመት ሙሉ ማልዶ ተነሥቶ የሚሄድበት ሥራ ስለ ነበረው፥ ወዳጆቹም የሥራ ባልደረቦቹ ነበሩ። ሥራው ባለቀ ቀን ግን ወዳጅነቱም አብሮ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ቀኑን የሚቈጥረው በመስኮት እያየ ነው።

በፈረንጅ ቁጥር በ1993 ዓመት በደቡብ አውስትራልያ ጉልዋ በምትባል ከተማ ማክሲን ቼዝሊንግ የምትባል ሴት ይህን ችግር አስተውላ፥ ለሸመገሉ ወንዶች የሚሆን አንድ የሥራ ቤት እንዲከፈት ደከመች። የነገሩን ታሪክ የመረመሩ ሊቃውንት ይህን ቤት ከቀዳሚዎቹ አንዱ አድርገው ይቈጥሩታል። በሰላ ድንጋይ ስለ እጅ ሥራ የጠየቁት ሴት ወይዘሮ እንደ ነበሩ ሁሉ፥ በጉልዋም ስለ ወንዶች የሥራ ቤት ያሰበችው ሴት ነበረች። ይህንም ማስታወስ የሚገባበት ምክንያት አለ፤ ባል ሥራ ፈትቶ በቤት ሲውል መዋሉ የሚከብደው ለእርሱ ብቻ አይደለም፤ የሚስቱም የልጆቹም ሸክም ይሆናልና፥ ብዙ ጊዜ ችግሩን ቀድመው የሚያዩት ሴቶች ናቸው።

ከዚህ በኋላ አምስት ዓመት ቆይቶ፥ በፈረንጅ ቁጥር ጁላይ 26 ቀን 1998 ዓመት፥ ይኸውም ሐምሌ 19 ቀን 1990 ዓ.ም. መሆኑ ነው፥ በቪክቶርያ ክፍለ ሀገር ቶንጋላ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ የወንዶች ሼድ የሚለውን ስም ይዞ የመጀመሪያው ቤት ተከፈተ። ለዚህም ሥራ የደከመው ዲክ ማክጋወን የሚባል ሰው ነበረ፤ ቤቱም በስሙ ተጠራ። በዚያው የፈረንጅ ዓመት መጨረሻ በታላቁ ከተማ በሲድኒ ሌን ኮቭ በሚባለው ሰፈር ሌላ ቤት ተከፈተ። ከዚህም ወዲያ ነገሩ ከከተማ ወደ ከተማ እየተሰማ፥ አንዱ የሌላውን እያየ፥ ቤቶቹ ተበራከቱ። በ2007 የአውስትራልያ የሥራ ቤቶች በአንድ ማኅበር ተባበሩ፤ በ2010 ደግሞ የአገሩ መንግሥት ስለ ወንዶች ጤና ባወጣው መመሪያ ቤቶቹ እንዲረዱ አዘዘ። በአየርላንድ በ2011፥ በብሪታንያ በ2013 ተመሳሳይ ማኅበራት ቆሙ፤ ኒው ዚላንድም እንዲሁ አደረገች። ዛሬ በአውስትራልያ ብቻ ከ1000 የሚበልጡ የሥራ ቤቶች አሉ። ባሪ ጎልዲንግ የሚባል የአውስትራልያ መምህር ይህን ታሪክ ሰብስቦ በ2015 በመጽሐፍ አሳትሞታል።

እንግዲህ ሰው እንዲህ ፈጥኖ የተቀበለው በምን ምክንያት ነው ቢባል፥ መልሱ ከእንጨትና ከምስማር በላይ ነው። በፈረንጅ ቁጥር በ2010 ጁሊያን ሆልት ለንስታድ የምትባል የአሜሪካ ሊቅ ከባልደረቦችዋ ጋር ሆና፥ ቀድሞ የተደረጉ 148 ጥናቶችን በአንድነት መረመረች፤ በጥናቶቹም የተቈጠሩት ሰዎች 308,849 ነበሩ። ከሰው ጋር ጽኑ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች ግንኙነታቸው ከደከመው ሰዎች ይልቅ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በመቶ 50 ያህል በልጦ ተገኘ። ስለዚህ ብቸኝነት የልብ ሐዘን ብቻ ሳይሆን ሰውነትን የሚጎዳ ነገር መሆኑ ታወቀ። ነገር ግን አንድ ሽማግሌ ወደ ሐኪም ሄዶ ወይም በጉባኤ ቆሞ «ብቻዬን ሆኜአለሁ» ብሎ ለመናገር ያፍራል። የጠረጴዛ እግር ሲጠግን፥ ጎኑ የቆመው ሰው መጋዙን ሲያቀብለው፥ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ እጃቸው በሥራ ተይዞ ሳለ ግን፥ ስለ ሕመሙም ስለ ሚስቱ ሞትም ይናገራል። በሥራ ቤቶቹ ያሉ ሰዎች ወንዶች ፊት ለፊት ሳይሆን ትከሻ ለትከሻ ሆነው ይነጋገራሉ ማለትን ያዘወትራሉ።

ፈቃደኞቹ ቤቱን የሚያቆሙት እንዴት እንደ ሆነ ደግሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ሥራው ሁሉ ያለው በዚህ ነውና። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው በጥቂት ሰዎች ስብሰባ ነው። አንዱ አናጢ የነበረ ነው፤ ሁለተኛው መምህር፥ ሦስተኛው የሂሳብ ሠራተኛ፥ አራተኛው ምንም የእጅ ሥራ የማያውቅ ነገር ግን ሰውን ማስተባበር የሚችል ነው። እነዚህ ሰዎች በከተማቸው ተዘግቶ የቆመ ቤት ይፈልጋሉ፤ ወይ የቀድሞ ትምህርት ቤት፥ ወይ የባቡር ጣቢያ፥ ወይ የእህል መጋዘን፥ ወይ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይሆናል። የቤቱን ባለቤት አግኝተው በጽሑፍ ውል ይዋዋላሉ፤ ቤቱን ስንት ዓመት እንደሚይዙት፥ ጥገናውን ማን እንደሚከፍል፥ የሚለቁበትም ቀን ሲመጣ የሠሩት ሁሉ የማን እንደሚሆን አስቀድመው ይጽፋሉ። ይህን ሳያደርጉ በቃል ብቻ ተማምነው የጀመሩ ቤቱ ካማረ በኋላ ባለቤቱ ሲወስድባቸው ድካማቸው ከንቱ ይሆናል።

ከውሉ ቀጥሎ ጥገናው ይመጣል። አሮጌ ቤትን የሚያፈርሰው ውኃ ስለ ሆነ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው ጣራው ነው፤ ጣራው ሳይከደን ግድግዳ የሚለስን ሰው ገንዘቡን በዝናብ ያስበላል። ከጣራው በኋላ ውኃው ከመሠረቱ እንዲርቅ ቦይ ይቈፈራል፤ ከዚያም የላላው ድንጋይ ወጥቶ እንደ ገና ይካባል፤ በሩና መስኮቱ ይገጠማል፤ በመጨረሻም ወለሉ ይስተካከላል። ለዚህ ሁሉ ከፈቃደኞቹ መካከል የሚያውቅ ሲኖር የማያውቀውን ያስተምራል። ብዙ ሰዎች እንደ መሰከሩት፥ ቤቱ ከተጠናቀቀ በኋላ ካለው ጊዜ ይልቅ የጥገናው ወራት ሰዎቹን አንድ አድርጓል። ሰው በላቡ ያቆመውን ቤት እንደ ራሱ ቤት ይጠብቀዋልና።

መሣሪያው የሚሰበሰበው በስጦታ ነው። አባታቸው የሞተባቸው ልጆች የአባታቸውን መሮ፥ መላጊያና መጋዝ ከሚሸጡት ይልቅ ለሥራ ቤቱ ይሰጣሉ። ገንዘብም ከአባላት ጥቂት መዋጮ፥ ከከተማው አስተዳደር፥ ወይም ከሚሸጠው ሥራ ይገኛል። የሚሠራው ነገር ብዙ ነው፤ ለሕፃናት መጫወቻ፥ ለትምህርት ቤት ወንበር፥ ለአትክልት ቦታ አጥር፥ የተሰበረ ብስክሌት ጥገና፥ ይህን የመሰለ ሁሉ ነው። ሻይ የሚፈላበት ማእዘንም አይጠፋም፤ መሥራት ያልቻለ ሰው መጥቶ ተቀምጦ ቢሄድ ማንም አይቈጣውም።

ነገር ግን የሥራ ቤት ሁሉ አልጸናም። አንዳንዱ አንድ ብርቱ ሰው ብቻ ተሸክሞት ስለ ነበረ እርሱ በታመመ ጊዜ ተዘጋ። ሌላው በመንግሥት ገንዘብ ብቻ ተማምኖ ገንዘቡ በቆመ ጊዜ ቆመ። ደግሞ የኤሌክትሪክ መጋዝ ጣት የሚቈርጥ ነገር ስለ ሆነ ማንም ሳይማር እንዳይነካው ሥርዓት ይወጣል፤ ሥርዓቱ ያልተጠበቀበት ቤት አደጋ ያገኘዋል። የቤቱን ቍልፍ ማን ይያዝ በሚል ነገር እንኳ ጠብ ይነሣል። ስለዚህ የጸኑት ቤቶች ሥራውን በተራ የሚያካፍሉ፥ ሂሳባቸውን በግልጥ የሚያሳዩ፥ ለአዲስ ሰው በራቸውን የሚከፍቱ ናቸው።

ይህን ሁሉ የሰማ የተጉለት ሰው «ይህስ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም» ቢል አልተሳሳተም። በዚህ አገር ቤትን በጋራ ማቆምና በአንድነት መቀመጥ ከቶ አዲስ ነገር አይደለም። በግብፅ አገር ደብረ ምጥማቅ የሚባለው የእመቤታችን ገዳም በፈረሰ ጊዜ፥ ሊቀ ጳጳሳቱ ዮሐንስ መርዶውን ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ላኩ። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም እጅግ አዝነው በተጉለት ምድር ሌላ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው የፈረሰውን ገዳም ስም አወረሱት። በዚያ የፈረሰው ቤት በስሙ በዚህ ታደሰ ማለት ነው። በ1442 ዓ.ም. ገደማም በዚሁ በደብረ ምጥማቅ ታላቅ ጉባኤ ተደርጎ ስለ ሰንበት ረጅም ዘመን የቆየው ክርክር ተፈጸመ፤ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም ሰንበታት ሆነው እንዲከበሩ ተወሰነ። እንግዲህ በዚህ አገር ሰው ከሥራው ዐርፎ ከወንድሙ ጋር የሚገናኝበት ቀን በጉባኤ የተመከረበት ታላቅ ነገር ነው።

ሰንበቴ የሚባለውም ማኅበር ስሙን ያገኘው ከሰንበት ነው። እሑድ ቅዳሴ ካበቃ በኋላ ማኅበርተኞቹ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ባለው በሰንበቴ ቤት ይሰበሰባሉ። ተረኛው ዳቦውንና ጠላውን፥ ንፍሮውን ወይም ቆሎውን ያቀርባል፤ ካህኑ ይባርካል፤ ድኻውና መንገደኛውም ከዚያው ይካፈላል። ማኅበሩ ሙሴ የሚባል አለቃ አለው፤ ጠብ የያዛቸውን ያስታርቃል፥ የቀረውን ይጠይቃል፥ የታመመውን ያስጠይቃል። አንድ ሰው ሁለት እሑድ ሳይታይ ቢቀር «እገሌ ምን ሆነ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ቤቱንም የሚሠሩት ማኅበርተኞቹ ራሳቸው ናቸው፤ አንዱ ድንጋይ፥ ሌላው ወራጅና ማገር ያመጣል፤ ጉልበት ያለው ጭቃ ያቦካል፤ ሴቶች ውኃ ይቀዳሉ፥ እህል ውኃ ያቀርባሉ። ይህን በመሰለ መንገድ በደቦ እርሻ ይታረሳል፥ አዝመራ ይሰበሰባል፤ በወንፈልም ጎረቤት ለጎረቤቱ ጉልበቱን ያበድራል። በከተማ ደግሞ ካለፈው መቶ ዓመት ወዲህ የተስፋፋው ዕድር ለቅሶ የደረሰበትን ሰው ድንኳንና መቀመጫ፥ ገንዘብና ሰው ይዞ ይደርስለታል።

አውስትራልያውያን በ1993 የፈለጉት «እገሌ ምን ሆነ?» የሚል ሰው ነበረ፤ ይህንም የሰንበቴ ማኅበርተኛ ሳይፈልገው አግኝቶታል። በዚህ ረገድ ሰንበቴ ታላቅ ወንድም፥ የሥራ ቤት ታናሽ ወንድም ነው። ነገር ግን ታናሽ ወንድምም ለታላቁ የሚያሳየው ነገር ሊኖረው ይችላል። ሰንበቴ ቤት የሚከፈተው በሰንበትና በበዓል ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ በሩ ይዘጋል። ሽማግሌው በሰንበቴ ይበላል፥ ይጠጣል፥ ይመክራል፤ እጁ ግን ሥራ የለውም። ከጎኑም የሚቀመጠው እኩያው ነው፤ ወጣቱ ልጅ መጥቶ የሽማግሌውን ጥበብ የሚማርበት ሰዓት በዚያ አልተመደበም። የሥራ ቤት ግን በሥራ ቀን ይከፈታል፤ ሽማግሌው የሚያውቀውን ነገር በእጁ ይዞ ሌላውን ያስተምራል።

ቀድሞ ይህ ጉድለት አልታየ ይሆናል፤ የገበሬ ሽምግልና እንደ ሠራተኛ ሽምግልና በአንድ ቀን የሚመጣ አይደለምና። ገበሬ ጉልበቱ ሲደክም ጥማዱን ለልጁ ያስረክባል፤ እርሱ ግን ከብት ይጠብቃል፥ ቀንበር ይጠርባል፥ ሞፈር ያበጃል፥ ገመድ ይፈትላል፥ በሽምግልና ጉዳይ ይቀመጣል፤ አንዳንዱም ቆብ ደፍቶ ይመነኵሳል። እስኪሞት ድረስ ለቤቱ የሚያስፈልግ ሰው ነው። ዛሬ ግን ሰላ ድንጋይ የሞጃና ወደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ በዚያ የሚኖረውም ሰው ገበሬ ብቻ አይደለም፤ መምህር፥ የጤና ሠራተኛ፥ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፥ ነጋዴ አለበት። የመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው በጡረታ ይሰናበታል፤ ትናንት ሰው ሁሉ ይፈልገው የነበረው ሰው ነገ ማልዶ የሚሄድበት የለውም። የገበሬውም ልጅ መሬቱ ስለ ጠበበው ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ አባትየው ጥበቡን የሚያወርሰው አጥቶ ይቀራል። በጉልዋ የታየው ችግር በደጋው ምድርም መድረሱ አልቀረም።

ሌላም መሰናክል አለ። በኢትዮጵያ ረጅም ዘመን ባለ እጅ ሰው የተናቀ ነበረ። ብረት የሚያቀልጠውን ጠይብ፥ ሸማ የሚሠራውን ሸማኔ፥ ቆዳ የሚፍቀውን ፋቂ እያሉ በስድብ ይጠሩት ነበር፤ የሚጠቀሙበት ግን ሁሉም ነበሩ። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፥ መኰንኑ ያለ ጦር አይዘምትም፥ ካህኑ ያለ መስቀልና ያለ ጸናጽል አያገለግልም፤ ይህን ሁሉ የሚሠራው ግን ከማኅበር ተለይቶ ይኖር ነበር። በ1836 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በአንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን ከለከሉ፤ ሰው የሚከበርበት ሥራ መሆኑንም ለሕዝባቸው አስታወቁ። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ ነገር ግን ንቀቱ ከሰው ልብ ፈጽሞ የወጣ አይመስልም። ዛሬም ልጁ አናጢ ወይም ሸማኔ ከሚሆን ይልቅ ሥራ አጥቶ ቢቀመጥ የሚመርጥ አባት ይገኛል። የሸመገሉና የተከበሩ ሰዎች፥ መምህሩም፥ የቀድሞው ሹምም፥ መሪጌታውም በአንድ ቤት መዶሻ ይዘው ቢታዩ ግን ዐዋጁ ሊፈጽመው ያልቻለውን ምሳሌነታቸው ሊፈጽመው ይችላል። ወጣት ልጅ አያቱ የማያፍርበትን ሥራ አያፍርበትም።

ለዚህ የሚሆን ቤትና ጥበብ ደግሞ በአገሩ አልጠፋም። በመንዝና በተጉለት ደጋ ሰው ከብርዱ የተነሣ ቤቱን በድንጋይ ይሠራል፤ ድንጋዩን ያለ ስሚንቶ በጭቃና በጭድ አያይዞ የሚክብ ግንበኛ ዛሬም አለ። ባለቤቱ ትቶት የሄደ የድንጋይ ቤት ክዳኑ ሲፈርስ ግድግዳው ብዙ ዘመን ይቆያል፤ ጣራው ቢመለስለት እንደ ገና ሰው ይገባበታል። ለምሰሶውና ለወራጁ ወይራና ጥድ የታወቁ ናቸው፤ ዛሬም ባሕር ዛፍ በብዛት ይገኛል። የበግ ጠጕር ፈትሎ ባና መሥራት የመንዝ ሰው ጥበብ ነው። ከቀንድ ዋንጫ የሚሠራ፥ ከጥድ ሣጥን የሚያበጅ፥ መጽሐፍ በብራና የሚጽፍ፥ ቀለም የሚበጠብጥ፥ ይህን ሁሉ የሚያውቁ ሰዎች በየደብሩ አጠገብ ይገኛሉ። ከእነርሱ ግን ብዙዎቹ ያረጁ ናቸው፤ ልጆቻቸውም በሌላ ሥራ ተሰማርተዋል። አንድ ብራና ፋቂ ተማሪ ሳይተው የሞተ እንደ ሆነ፥ ከእርሱ ጋር የሚቀበረው የእርሱ ዕውቀት ብቻ ሳይሆን ከእርሱ በፊት የነበሩት የመምህራኑ ሁሉ ዕውቀት ነው።

ከአውስትራልያ የመጣው ምሳሌ እንዳለ ይወሰድ ማለት አይደለም። በዚያ አገር የሥራ ቤቱ የተለየ ማኅበር ነው፤ በዚህ አገር ግን ማኅበሩ ቀድሞ አለ፤ ሰንበቴም አለ፥ ዕድርም አለ። ሙሴ አለ፥ ተረኛ አለ፥ መዋጮ አለ፥ የሚያስታርቅ ሽማግሌም አለ። ፈረንጆቹ ብዙ ዓመት ደክመው ያወጡት ሥርዓት፥ ይኸውም ሥራን በተራ ማካፈልና የቀረውን ሰው መጠየቅ፥ በሰንበቴ የታወቀ ነው። የጎደለው የአናጢ ጠረጴዛው፥ መሣሪያውና የሥራው ቀን ነው። ሴቶችም በዚህ ነገር እንዲለዩ የሚያስገድድ ምክንያት የለም፤ በውጭ አገርም ዛሬ ሴቶችን የሚቀበሉ የሥራ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ስፌትና ፈትል፥ የሸክላ ሥራም የሚያውቁት ሴቶች ናቸውና።

ከሰባት መቶ ጉልበት ይልቅ የሰባት ሰዎች ስምምነት ቤት ያቆማል። ጉልዋም ቶንጋላም የጀመሩት በጥቂት ሰዎች ነው፤ ገንዘቡም፥ ቤቱም፥ የመንግሥት እርዳታውም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ የሰንበቴ ማኅበር ይህን ነገር ለመጀመር ቢያስብ፥ በመጀመሪያው ቀን ድንጋይ ማስቈፈር ወይም ገንዘብ መለመን አያስፈልገውም። በአንድ እሑድ፥ ጽዋው ከተቀመሰ በኋላ፥ ሙሴው ተነሥቶ «ከእናንተ መካከል በእጁ ምን መሥራት የሚያውቅ ማነው? ማንስ መማር ይፈልጋል?» ብሎ ይጠይቅ። ጸሐፊውም የሚመልሱትን ሁሉ ከነስማቸው በደብተር ይጻፍ፤ ሽማግሌው «ቀንበር መጥረብ አውቃለሁ» ቢል ይጻፍ፥ ሌላው «ምንም አላውቅም፥ ግን እመጣለሁ» ቢል እርሱም ይጻፍ። ደብተሩ በተሞላ ጊዜ ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ በዚሁ አገር ለጠየቁት ጥያቄ መልሱ ከማን ዘንድ እንዳለ ይታወቃል፤ ስለ ቤቱና ስለ ጣራውም ከዚያ በኋላ መምከር ይቻላል።